ዓሣ የሚያውቅ አባት

ያን ሰውዬ ምንም ሳያደርገኝ ጥምድ አድርጌ ይዤው ነበር። የልጄ የክፍል ጓደኛ አባት ነው። ኢገን በምትባለው ከተማችን ውስጥ ከእኛ አፓርታማ ማዶ ይኖራል። በየበጋው ሴት ልጁን በመኪና ይዞ በረሃ ለበረሃ እየዞረ፣ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ከጅረት ያጠምዳል። የሚፈልገው ደግሞ ሰው አምጥቶ የጨመረውን ሳይሆን ከጥንት ጀምሮ እዚያው የኖረውን ነው።

እኔ ኤደን ፕሬሪ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን ውዬ እገባለሁ፤ ራት ላይ የሰው አባት ውዳሴ ይቀርብልኛል። ክሩን እንዲህ ነው የሚያስረው፣ መንጠቆውን እንዲህ ነው የሚጥለው። የአስር ዓመት ልጄ እጇን እያወናጨፈች ታሳየኛለች። ወላሂ፣ አንጀቴ እርር ይል ነበር።

አምና አንድ ቀን "እኛስ አንሄድም?" ብላኝ ነበር፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ።

"እኔ ስለ ዓሣ ምን አውቃለሁ?" ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ የሰውዬው ወሬ ባሰበት።

ዘንድሮ አልቻልኩም። ልጄን ዓይኔ እያየ የሰው ልጅ ልትሆንብኝ ነው አልኩ። ሺፍት ተቀያየርኩ፣ የማጥመጃ ዘንግ ገዛሁ። እናቷ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልን። "አንተን ብሎ ዓሣ አጥማጅ" እያለች ስትስቅብኝ፣ አሮጌዋን መኪናዬን አስነስቼ ወደ ኔቫዳ ድራይቭ አደረግሁ።

ካርታውን ጭኗ ላይ ዘርግታ የምትመራኝ ልጄ ናት። የምንሄድበት ጅረት በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ማን እንደከበበው ስጠይቃት፣ ያው ሰውዬ ነው። ኔብራስካን ስናቋርጥ ጓደኛዋን እያነሳች የእሷ አባት እንዲህ ይላል፤ ዋዮሚንግ ስንገባ የእሷ አባት እንዲህ ያደርጋል። ሰውዬው የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ እስኪመስለኝ ድረስ አብሮን ተጓዘ።

ጅረቱ ጋ ስንደርስ ሳቄ መጣ። ደረቅ ቁጥቋጦ መሀል የሚሄድ፣ አንድ እርምጃ የሚያሻግር ውሃ ነው። ይሄንን ብለን ነው ይህን ሁሉ አገር ያቆራረጥነው? የዙህር ሶላት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ልጄ መንጠቆዋን ስታስር እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ውሃው ዳር ቁጢጥ አልኩ። ውዱእ አደረግሁ። ተጉመጠመጥኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነክሬ በደንብ አሸሁ። ቀና ስል ልጄ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ለካ ዓሣዎቹ ከእኔ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው ጥላ ሥር ነበሩ፤ ሁሉም ሸሽተዋል።

"አባዬ፣ ዓሣ እኮ ሰው ካየ አይቆምም" አለች። "የእሷ አባት ተንበርክኮ ነው የሚቀርበው።"

ደሜ ፈላ። "እንግዲያው ከእሱ ጋር አትሄጂም ነበር!"

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ክሯን እያየች "ጠርቶኝ ነበር" አለች፣ በአማርኛ። "አምናም ዘንድሮም። እምቢ አልኩ።"

"ለምን?"

"አንተ ስለ ዓሣ አላውቅም አልክ። ስለዚህ እሱን ጠየቅኩት። ሁሉንም። ለአንተ እንድነግርህ።"

ፊቴ ገና በውዱእ ውሃ እርጥብ ስለነበር እንባዬ አልታወቀብኝም። ሰግጄ ስመለስ ዘንጉን እጄ ላይ አስቀመጠችና ተንበርከክ አለችኝ። ተንበረከክኩ። ዝቅ በል ስትለኝ በሆዴ ልሳብ ምንም አልቀረኝም። ዓሣዎቹ እስኪመለሱ ብዙ ቆየን፤ እየቆጣችኝ፣ እያረመችኝ፣ በመጨረሻ አንዱ ያዘልኝ።

መዳፌን የማይሞላ ትራውት ነው። ጉሮሮው ሥር ቀይ መስመር አለው፤ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ ይመስላል። እኔ በሐሳቤ መጥበሻ ፍለጋ ሄጃለሁ፤ እሷ ግን እንድለቀው ነገረችኝ።

"ለመልቀቅ ከሆነ ታዲያ ለምን ያዝነው?"

"የእሷ አባት..." ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው።

ዓሣውን ውሃው ውስጥ እንደያዝኩ ጠበቅኳት።

"ጨርሺው እንጂ" አልኳት። "የእሷ አባት ምን ይላል?"