123,456,789 እና የእትዬ ሐዋ ማንጎ

ዛሬ በማንጎ ሻጭ ቀንቻለሁ። አልክድም።

አሶሳ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ሰሌዳው ላይ 123,456,789 ብዬ ጻፍኩና «ይህ ቁጥር ለዘጠኝ ይካፈላል? አሃዞቹን ደምሩ። ድምሩ 45 ነው፤ 45 ለዘጠኝ ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል» አልኩ።

አንዷ ተማሪ «ለምን?» አለችኝ።

ሰሌዳውን በኤክስና በዋይ ሞላሁት። ክፍሉ ሁሉንም ወደ ደብተሩ ገለበጠ። የገባው ሰው ግን አልነበረም።

በእረፍት ሰዓት ያቺኑ ልጅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማንጎ ከሚሸጡት ከእትዬ ሐዋ ፊት ቁጭ ብላ አገኘኋት። እትዬ ሐዋ ከሆሞሻ የመጣውን ማንጎ ዘጠኝ ዘጠኝ እያደረጉ ይመድባሉ።

«ከአስር ዘጠኝ መደብኩ፣ አንድ ተረፈ» ይሏታል። «ከመቶም መደብኩ፣ አንድ ተረፈ። ከሺም ያው አንድ ነው።»

ልጅቷ ቀና አለች። «እንግዲያው ከሰባት መቶው ማንጎ ሰባት፣ ከሰማንያው ስምንት ይተርፋል። ቲቸር የደመረው የተረፈውን ነው። 45 ደግሞ አምስት መደብ ይሆናል፣ ምንም አይተርፍም። ገባኝ።»

«ገባኝ።» አስራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ይህችን ቃል ለመስማት ነበር። የተባለችው ግን ለእሳቸው ነው። (ዲግሪዬ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ማየት ለሚፈልግ።)

ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ አንድ መደብ ገዛሁ። እትዬ ሐዋ ግን አይተውኝ ኖሮ አስረኛ ማንጎ ጨመሩልኝ።

«እንካ መምህር፣ ምርቃት።»

ከዘጠኙ የተረፈችው መሆኗ ነው።

እናንተስ በሙያችሁ ማን በለጣችሁ? እባካችሁ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልቅና።