የሸዕባን ክፍል ስድስት

ሸዕባን በኩልመስክ ከተማ ከገበያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት አለው። የውጭ ፊልም ይከፍትና ማይክራፎን ይዞ ተዋናዮቹ የሚሉትን በአማርኛ ያሰማል። ለሴቷም ለሽማግሌውም ድምፁ ያው አንድ ነው፤ ለምደነዋል። ፊልሙ ካልጣመን «ቀይረው!» ብለን እንጮኻለን፣ እሱም ይቀይራል። የቤቱ ደንብ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሱቄ ከጎኑ ስለሆነ ከጯሂዎቹ አልቀርም።

ስለ አንዲት የጠፈር መርከብ የሚያወራ ባለ ስምንት ክፍል ፊልም አለ። ሰባቱን ደጋግመን አይተናል። ስድስተኛውን የሚወደው ሸዕባን ብቻ ነው፤ በኢንተርኔትም የሚሰደበው ይኸው ክፍል ነው አሉ። ጥይት የለው፣ ጦርነት የለው። አንድ ዘበኛ ጭር ባለች ጨረቃ ላይ ብቻውን ጣቢያ ይጠብቃል፤ አገር ቤት ሚስቱ ትሞታለች። የመርከቧ ሰዎች ያውቃሉ፣ ሬዲዮም አላቸው፤ ግን «ሁሉም ደህና ነው» እያሉት ፊልሙን ሙሉ ወደሱ ይጓዛሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። መጨረሻውንም ከሸዕባን አፍ ሰማን እንጂ አስጨርሰነው አናውቅም።

«በሬዲዮ አይነግሩትም? ነዳጅ ከሚጨርሱ!» ይላል የባጃጅ ሾፌሩ ደሳለ፣ በተከፈተ ቁጥር።

«መርዶ በሬዲዮ ይነገራል እንዴ?» ይቆጣል ሸዕባን። «ብቻውን ነው እኮ! ማን ይይዘዋል? በሌሎቹ ክፍሎች ሰው ይሞታል፣ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ይተኩሳሉ። ሰው ለሰው ብሎ የሚሄደው እዚህ ብቻ ነው። ወላሂ፣ እናንተ ፊልም አታውቁም!»

የሚለው እውነት ነው። ፊልሙ ግን ያስተኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለደሳለ ከጅዳ ተደወለ። የሸዕባን ታናሽ እህት ነሲባ ሞታለች፤ የደወለችው አብራት የምትሠራ የአገራችን ልጅ ናት። ነሲባን ያሳደጋት እሱ ነው። አጎታቸው ሼህ ሳሊሕ ከሙጃ ማምሻውን ሊደርሱ፣ መርዶውም ጎህ ሲቀድ ሊነገር ተወሰነ። እስከዚያ ወሬው ሾልኮ እንዳይደርሰው መጠበቅ የኛ ፈንታ ሆነ። ደሳለ ሰበብ ፈልጎ ስልኩን ተዋሰው። ከዚያ ሁላችንም ቪዲዮ ቤት ገብተን ተቀመጥን።

«ምን ልክፈት?» አለን ሸዕባን። የሚመርጥ ጠፋ።

«ክፍል ስድስት ልክፈትላችሁ?» አለ፣ ሊያበሽቀን።

«ክፈት» አልነው።

ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ለካፒቴኑም ለዘበኛውም ከወትሮው አስረዝሞ ተረጎመ። ግማሽ ላይ ግን መተርጎሙን አቆመ። ስክሪኑ ላይ ሰዎቹ ያወራሉ፣ እሱ ዞሮ እኛን ያያል። ቀይረው ያለ የለም። ደሳለ አንገቱን ደፍቷል። ቢጠይቀን ማን እንደሚመልስለት አላውቅም ነበር።

አልጠየቀም። ጉሮሮውን ጠርጎ ካቆመበት ቀጠለ። ድምፁ አልፎ አልፎ ቢሰበርም አንድ ቃል አልዘለለም። መርከቧ አረፈች፣ ዘበኛው በሩን ከፈተ፣ ሰዎቹ ተያይዘው ቆመው አገኛቸው። ፊልሙ አለቀ።

ሸዕባን ማይክራፎኑን አስቀመጠ፣ ማጫወቻውን አጠፋ። ስልኬን አምጣ አላለም። ሁላችንም ልንሸኘው ተነሣን። በሩ ላይ ሲደርስ ወደኛ ሳይዞር ተናገረ።

«ጠዋት የቤቴን በር አልቀረቅረውም። ዝም ብላችሁ ግቡ።»