ጨው የሌለው ስንቅ

የወሰዱኝ ከቀፊራ ገበያ ነው። ቲማቲሜን ጆንያ ላይ እየደረደርኩ ሁለት ሰዎች መጥተው ፊቴ ቆሙ። የሚገዙ መስሎኝ "ስንት ኪሎ ላድርግላችሁ?" አልኳቸው። አንደኛው "እናቴ፣ ለትንሽ ጥያቄ ነው፣ ተነሺ" አለኝ። ቲማቲሙን አጠገቤ ላለችው ሽንኩርት ሻጭ አደራ ብዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ለትንሽ ጥያቄ ነው ስላለኝ የምጠጣውን ውሃ እንኳ አልያዝኩም።

ነገሩ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ቀደም ብሎ ቀበሌ ስብሰባ ነበር። መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ፣ ከእንግዲህ የልብ ሕመምተኛ አዲስ አበባ መንከራተቱ ቀረ፣ መሣሪያው ድሬ መጥቷል፣ ክፍሉም ሥራ ጀምሯል አለ። ሰው አጨበጨበ። የኔም እጅ ለማጨብጨብ ተነስቶ ነበር።

ከዚያ ልጄ ትዝ አለችኝ። ትንሽ ሆና ጉሮሮዋን እየታመመች፣ በሽታው ልቧ ላይ ወርዶ አንዱ የልቧ በር አልገጥም ብሏል። የየወሩን መርፌ እዚሁ ትወጋለች፣ ልቧን የሚያይላት ሐኪም ግን ያለው አዲስ አበባ ነው። አውቶቡስ ውስጥ መተኛት ስለማትችል መንገዱን ሙሉ ደረቴ ላይ ደግፌያት ነው የምንሄደው። ተነሳሁና "ክፍሉ እንደተቆለፈ ነው፣ ሐኪምም የለው፣ ለምን ታስጨበጭቡናላችሁ?" አልኩ። ከኋላ ሴቶች "እውነቷን ነው" አሉ። በቃ፣ ጥፋቴ ይኸው ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ጣራው ቆርቆሮ ነው። የድሬን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ መንገር አያስፈልግም። በሩ ሲከፈት የላብና የበረኪና ሽታ ተቀበለኝ። ግድግዳው ላይ ፌስታል በፌስታል ተንጠልጥሏል፤ የእያንዳንዷ ንብረት እሱ ነው። በሩ አጠገብ አንዲት ሱማሌ ነጋዴ ነበረች፤ ልብስ ስታመጣ ኮንትሮባንድ ተብላ የተያዘች። እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ምን አደረግሽ አባዮ?" አለችኝ፤ በሱማሌኛ እህቴ ማለቷ ነው።

"ምንም። ስብሰባ ላይ ተናገርኩ።"

"አቦ፣ ይሄማ ከኔ ይብሳል። የኔ ቀረጥ ከፍዬ ያልቃል።"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ከፍርሃቴ ብዛት ሳቅ መሆኑም አልገባኝም።

እዚያ የሚበላው ከቤት የሚመጣ ስንቅ ነው። ያመጣው ሰው በር ላይ ይቀምስና ምግቡ ብቻ ይገባል። ከገባ በኋላ የኔ የሚባል ነገር የለም፤ የሁሉም አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል። የኔ ስንቅ የመጣ ቀን ነጋዴዋ ጎረሰችና አፏን ይዛ ቀረች።

"ይሄን የሠራው ሰው ተጣልቶሻል እንዴ? ጨዉ የት ገባ?"

ነገርኳቸው። ልጅቱን ሐኪሟ ጨው ከልክሏታል። ከበላች እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ሁለት ድስት መጣድ ስለማልችል ቤቱ በሙሉ ጨው ትቷል። አሁን ደግሞ እኔ ስለሌለሁ የምታበስለው እሷ ናት።

"ስለዚህ ይሄ የሷ እጅ ነው?"

"የሷ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ነጋዴዋ በወረቀት የጠቀለለችውን ጨው ከፌስታሏ እያወጣች በራሷ በኩል ትነሰንሳለች። ስንቄ ሲገባ "የሆስፒታሉ መጣ" ትላለች። እኔ መጀመሪያ በምላሴ ጫፍ እቀምሰዋለሁ። ጨው ከሌለው ልጄ ቆማ አብስላለች ማለት ነው። እንድንገናኝ አልተፈቀደልንም ነበርና ስለሷ የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ነጋዴዋ ቀድማ ጎረሰች። "ዛሬስ ሆስፒታሉ ድኗል፣ ጨው አለው" አለች። ሴቶቹ እየሳቁ እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ቀመስኩት። ምስር ነው። ደህና አድርጎ ጨው ገብቶበታል።

"ሌላ ሰው ነው የሠራው" አልኩ።

ነጋዴዋ ፊቴን አየችና ማላመጧን አቆመች። አንዷ እጇን ከትሪው ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች።

በሩን ደበደብኩ። ፖሊሷ መጣች።

"ስንቄን ያመጣው ማን ነው? ልጄ ናት?"

"እኔ በር ላይ አልነበርኩም እናት። ቁጭ በይ።"

"ልጄ እኮ የልብ ሕመምተኛ ናት።"

"ሁሉም ሰው ልጅ አለው።" አልተቆጣችኝም፤ እሷም ደክሟት ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ።

"እናቴ፣ አንቺ ክፉ ሰው አይደለሽም። ክፍሉ ተዘግቷል ብሎ የነገረሽ ከውስጥ ያለ ሰው አለ። ስሙን ንገሪኝና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።"

ሰው አለ። ልጄን በየወሩ የምትወጋት ነርስ ናት። መመላለሴ አሳዝኗት፣ እጄን ይዛ እስከዚያ የልብ ክፍል በር ድረስ ወስዳ ያሳየችኝ እሷ ናት። ስሟ ምላሴ ላይ ነበር፣ ከዚያ ምስር ጨው ጋር። ልጄ ቤት ውስጥ ወድቃ ይሆናል፤ እኔ የተጠየቅኩት አንድ ስም ነው። ግን ነርሷን ቢያባርሯት ልጆቹን ማን ይወጋቸዋል? ደግሞስ ምን አጠፋች?

"በዓይኔ ነው ያየሁት" አልኩ። "በሩ ላይ ጓጉንቸር አለ። አቧራውን በጣቴ ነካሁት።"

"ማን ወሰደሽ?"

"እግሬ።"

"ልጅሽ ታማለች አይደል?"

"ታማለች። ክፍሉን ክፈቱላት።"

መርማሪው መዝገቡን ዘጋና አስወሰደኝ።

ስመለስ ትሪው እንደነበረ ተቀምጧል። ማንም አልነካውም። ነጋዴዋ ቁራሽ ዳቦ እጄ ላይ አስቀመጠች፤ "እስከ ነገ ስንቅ ድረስ ምንም አታውቂም፤ ይቺን ያዢ" አለችኝ።

በማግስቱ ስንቁ ሲገባ እጄ እንቢ አለኝ። ነጋዴዋ ቀመሰችልኝ። ደግማ ጎረሰች።

"ወላሂ አባዮ፣ ጨው የሚባል የለውም።"

የወረቀቷን ጨው አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ ፌስታሏ ውስጥ ቋጠረችው። ያን ቀን ሁሉም ሰው ምግቡን እንደመጣ በላው። ማንም ፊቱን አላጨፈገገም።

ለምን እንደያዙኝ ሳይነግሩኝ፣ ለምን እንደለቀቁኝም ሳይነግሩኝ ወጣሁ። ጎረቤቴን ያገኘኋት ጣቢያው በር ላይ ነው፣ ስንቅ ይዛ። ልጄ ሆስፒታል ነው ያለችው አለችኝ። ምስሩ የመጣ ቀን ትንፋሽ አጥሯት ኦክስጅን ላይ ነበረች፤ ነርሷም ከጎኗ አልተለየችም። ጨው ያለውን ምስር የሠራችው ይህቺው ጎረቤቴ ናት። በማግስቱ ጨው የሌለውን የሠራችውም እሷው። ልጄ ተኝታ፣ ጭምብሉን ከአፏ ገለጥ አድርጋ "ጨው አታድርጊበት፣ እማ ትደነግጣለች" ብላታለች።

እኛ እዚያ ትሪውን ከበን ዳነች ብለን በልተናል።

አሁን ያ ክፍል አንዳንዴ ይከፈታል። ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥቶ ጥቂት ቀን ይሠራና ይመለሳል። ሲሄድ ጓጉንቸሩ ቦታው ላይ ነው። ከጀልዴሳ ገጠር ልጅ አዝለው የመጡ እናቶች በሩ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ይጠብቃሉ፤ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ነርሷ ስታልፍ ሰላም ትለናለች። ታስሬ እንደነበር ታውቃለች። ምን እንደተጠየቅኩ አልነገርኳትም።

ልጄ ደህና በሆነችበት ቀን ዛሬም ታበስላለች። ስታቀርብልኝ በምላሴ ጫፍ እቀምሳለሁ፤ ያ ልማድ አለቀቀኝም። ጨው የለውም። አሁን ግን እሱ ብቻ አይበቃኝም። ቀና ብዬ ከንፈሯ ጠቁሮ እንደሆነ አያለሁ፣ ጎንበስ ብዬ እግሯን አያለሁ። ከዚያ በኋላ እበላለሁ።