የአያ በላቸው መቃብር አፈር

ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. አያ በላቸው ሲሞት የጓሮው አጥር ግማሹ ብቻ ታጥሮ ቀረ። ጎንደር መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጁ ፅዮን ከሞቱ ቀጥሎ ያልገባት ይህ ነው። አባቷ የሰው ዕቃ ተውሶ አይመልስም እንጂ የጀመረውን ሥራ ጥሎ አያውቅም።

ለሙት ዓመቱ ከጎንደር የአባቷ አገር ድብ ባሕር ስትደርስ የመቃብሩ አፈር ጎድሏል። ጎረቤታቸው እማማ ይመኙሽ ተንበርክከው አፈሩን በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥራሉ።

«ምነው እማማ?»

«ለጉልበቴ ነው። ትናንት ብቀባው ይኸው ዛሬ ተንበረከክሁ።»

«መነሣትስ ይችላሉ?»

«ለመነሣቱ ደግሞ ነገ እቀባለሁ።»

ነገሩን ያመጣው የክረምቱ በረዶ ነው። የአገሩን ገብስ ሲያጭድ ከመቃብሩ ሥር ያለችውን ማሳ ዘለላት። «አያ በላቸውን ማን ይደፍራል» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ እየዘገነው አፈሩ አልበረከተም።

ፅዮን ይህ ወዴት እንደሚያመራ ታውቃለች። ቅዱስ የሚሰየምበት ደንብ ሳይጻፍ በፊት፣ በጥንቱ ዘመን፣ ሁሉም የጀመረው እንዲህ ነበር። ጎረቤት መቃብሩ ላይ ይሰበሰባል፣ የሞተበትን ቀን ያከብራል፣ ዳንሁ ያለ ይመሰክራል፣ ስሙ በጸሎት ይጠራል። ጳጳሱ የሚሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ሰውዬው የለም፤ ሳቁም ኩርፊያውም ተጠርጎ ገድሉ ብቻ ይቀራል። አባቷን አንዴ ቀብራዋለች፤ ሁለተኛ ልትቀብረው አልፈለገችም።

ወደ ደብሩ ቄስ ወደ አባ ነጋ ሄደች።

«አባ፣ ይከልክሉልኝ። አባቴ ቅዱስ አልነበረም።»

«እሱንማ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ስሰብክ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያዛጋ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ያላዘዝሁትን እንዴት እከለክላለሁ? ትንሽ ታገሺ። ቅዱስ ካልሆነ የይመኙሽ ጉልበት ያጋልጠዋል።»

ስለዚህ ዝክሩ ተበልቶ ሲያበቃ ራሷ ተነሣች። አባቷ ጾም ገድፎ እንደሚያውቅ፣ በቅሎውን ከነእናቷ እንደሚሰድብ፣ የተዋሰውን እንደማይመልስ አንድ በአንድ ተናገረች። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ማጭዱ የቀረበት አለ፤ ኮርቻውን ዳግመኛ ያላየ አለ።

እማማ ይመኙሽ እጃቸውን አወጡ። «የኋለኛዋን አርሚልኝ። ምሳሬን መልሷል።»

በድንኳኑ ያለው ሁሉ አማተበ። ስለ በረዶው ሲወራ እንኳ እንዲህ አላማተበም።

«መቼ?» አለች ፅዮን።

«የሞተ ዕለት፣ በጧት። የተሰበረውን እጀታ ለውጦ፣ ሸጋ አድርጎ ስሎ።»

«ምን አለ?»

«'እንቺ፤ አሁን ደግሞ የምታሚኝበት ሌላ ነገር ፈልጊ' አለኝ።»

ፅዮን ሳቀች፤ ሳቋም ወደ ልቅሶ ዞረባት። ድምፁ የአባቷ ነው፤ ማንም ገድል ጸሐፊ እንዲህ አያናግረውም። ይሰብሰቡ እንግዲህ አለች በልቧ፤ ይህችን ቃሉን እስካልተዉ ድረስ።

በዚያች ጧት አያ በላቸው አጥሩን እንዳጋመሰ ትቶ፣ አጥሩን የሚሠራበትን ምሳር ትከሻው ላይ አድርጎ ቁልቁል ወረደ። የይመኙሽ በር ላይ አስደገፈላት፣ ውሃ ለምኖ ጠጣ፣ ጣሳውንም መለሰላት።