ሹክረን… ከልብ

ቡታጅራ ባጃጅ የገባ ሰሞን ለቲዎሎጂ ኮሌጅ ተማሪዎች ዐረብኛ አስተምር ነበር። ልጆቹ ትጉ ናቸው፤ ችግራቸው ዐረብኛው ሲጠፋባቸው አማርኛ መሰንቀር ነው። «በዐረብኛ ልብ ማለት ‹ቀልብ› ነው፤ ‹ከልብ› ካላችሁ ግን ውሻ ነው» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ነግሬአቸዋለሁ።

«መምህር፣ ሁለቱም አማርኛ ናቸው እኮ» ይሉኛል።

አንድ ቀን ጎረቤቴን ሐጂ ከድርን፣ ዐረብ አገር በሾፌርነት የኖሩ አዛውንት ናቸው፣ ልጆቹን በዐረብኛ እንዲያጫውቱልኝ ለመንኳቸው። የጴንጤ ግቢ ረግጠው አያውቁም። ቢሆንም ኮፍያቸውን አስተካክለው መጡና እንደ አባት ሲያጫውቷቸው አረፈዱ።

ሊሄዱ ሲሉ ማርቆስ የሚባለው ተማሪዬ ሊያመሰግናቸው ተነሣ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ሹክረን፣ ያ ሐጂ…» አለና ቃል አጠረው። ምን ሊል እንደሆነ ገብቶኝ ዓይኔን አፈጠጥኩበት። አላየኝም።

«…ከልብ» አለ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ መጠየቅ ስጀምር ሐጂ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ተወው፣ መምህር። እዚያ አገር አሠሪዬ በተናደደ ቁጥር ‹ከልብ› ይለኝ ነበር። ‹ከልብ› ብሎ ያመሰገነኝ ግን ይሄ ልጅ ብቻ ነው።»