የማላውቀው ቁልፍ

ልጄ ሠላሳ ሊሞላው ነው። ኦቲዝም አለበት፤ አይናገርም፣ የመኪና ጡሩምባ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ አስፋልት መሀል ይቆማል። በርበሬ በረንዳ ለንግድ ስወጣ ከውጭ ቆልፌበት ነው የኖርኩት። መኪና እንዳይበላብኝ ነው እንጂ ጨክኜ አይደለም! ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ጫማውን ያወልቃል፤ ማታ ስመጣ መልሶ ያጠልቃል።

ዘንድሮ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ እንደሱ ያሉ አራት ጎልማሶች ከተንከባካቢ ጋር የሚኖሩበት ቤት ተገኘለት። አደረስኩት፣ ግንባሩን ስሜው ወጣሁ። ሱቄ ደርሼ መቀነቴን ስፈታ የማላውቀው ቁልፍ ዱብ አለ።

በራቸው ላይ ጓጉንቸር ከነቁልፉ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ይሄ የተረገመ እጄ በልማዱ ቆልፎባቸው መጥቷል! እዚያ ቤት እሳት ቢነሳስ? ተሸካሚዎቹ «እትዬ፣ ዞር ይበሉ!» እያሉ ሲጮሁብኝ እየተጋፋሁ ሮጥኩ።

የቆርቆሮው በር ሲደበደብ ከሩቅ ሰማሁ። ተንከባካቢዋ «ማነው የቆለፈብን?» እያለች ትጮሃለች፤ አንዱ ያለቅሳል። ከፈትኩት፤ ተንጋግተው ወጡ።

ልጄ ብቻ ጫማውን አውልቆ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። «ና፣ ተከፍቷል» ብዬ ብጠራውም አልተነሳም።

ገና አልመሸማ።