የአገርነሽ ሻሽ

ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ የምትጠብሰው አገርነሽ በየቀኑ የሚመጣባትን ዓሣ አጥማጅ ስም አታውቅም። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይመጣና ከምድጃዋ ፍም ይለምናታል። ትልልቆቹን ዓሦች የሚያታልልባትን፣ ራሱ የሠራትን ትንሽ ባለመንጠቆ የብረት ዓሣ በፍሙ አግሎ የዱቄት ቀለም ውስጥ ይነክራታል። ቢጫ ሻሽ ስታስር ቢጫ፣ አረንጓዴ ስታስር አረንጓዴ። ፍም ከመለመን አልፎ ግን ምንም አይላትም።

ዝምታው ቢሰለቻት፣ ዛሬ ልታናግረው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተፈራረቀበትን የጋሞ ሸማኔዎች ጨርቅ፣ ዱንጉዛ፣ ራሷ ላይ ጠምጥማ መጣች።

«እስቲ አሁን ምን ይውጥህ!» አለች በሆዷ።

ሰውዬው የጋለችውን ዓሣ ቀዩ ውስጥ ነከራት፤ ሳትቀዘቅዝ ቢጫውንና ጥቁሩን በብሩሽ ነሰነሰባት። የተቃጠለ ጣቱን እየላሰ ዓሣዋን ለአገርነሽ ዘረጋላት።

«መንጠቆውስ፣ ጋሼ?»

«ነቀልኩት።»

«ታዲያ ዓሣው በምን ይያዛል?»

«ዓሣውን ማን ፈለገው፣ አገርነሽ?»